ክፍት መጫወቻ ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንዲት እናት ለሦስት ዓመት ልጇ ሌጎ፣ ማለትም እየተገጣጠመ የሚሠራበት የፕላስቲክ ጡብ፣ ልግዛላት ወይስ ይቅርባት ብላ ምክር ጠይቃ ነበር። አንዱ መላሽ ፈጠን ብሎ «ሌጎ ፕላስቲክ ነው፤ ኦፕን ኤንድድ አይደለም። የእንጨት ፐዝል ግዢላት» አላት። ብዙ ሰውም ልክ ነው አለ። ይህን አባባል በተለያየ መልክ ስሰማው ከርሜያለሁ፤ ዛሬ ግን ማለፍ አልቻልኩም። መላሹ ክፉ አላሰበም። ነገር ግን ነገሩን ገልብጦታል፤ እናትየዋም በዚህ ምክር ገንዘቧን ታወጣለች።

«ኦፕን ኤንድድ» ወይም ክፍት የሚባለው መጫወቻ አጨዋወቱን ልጁ ራሱ የሚወስንለት ነው። ምን እንደሚሆን፣ መቼ እንደሚያልቅ፣ ልክና ስህተቱ የቱ እንደሆነ ልጁ ይወስናል። ከምን ተሠራ የሚለው እዚህ ውስጥ የለበትም። ፐዝል ከወርቅም ይሠራ አንድ መልስ ነው ያለው። ዝሆኑ የሚገባው በዝሆኑ ቦታ ብቻ ነው። ስምንት ስምንት ጉብታ ያላቸው፣ ቀለማቸው አንድ የሆነ ስድስት የሌጎ ጡቦች ግን ከ915 ሚሊዮን በላይ በሆኑ መንገዶች ይገጣጠማሉ። ከእነዚያ መንገዶች አንዱም «ስህተት» አይባልም። እኔን የሚገርመኝ ከቁጥሩ ይልቅ ይሄኛው ነው።

እርግጥ ሌጎም ሁልጊዜ ክፍት አይደለም። ሥዕሉ ካርቶኑ ላይ ያለ፣ ከገጽ አንድ እስከ መጨረሻው ገጽ እየተከተሉ የሚገጥሙት መርከብ ተገጥሞ እስኪያልቅ ድረስ ዝግ ነው። ተበታትኖ ሳጥን ውስጥ ሲገባ ይከፈታል። ደግሞም ለሦስት ዓመት ልጅ ዱፕሎ የሚባለው ትልልቁ የሌጎ ጡብ ይሻላታል፤ ትንንሹ ጡብ ለጣቷ ያስቸግራል፣ ቤት ውስጥ ታናሽ ካለ ደግሞ አፉ ውስጥ ይገባል።

ሁለተኛው የሚያናድደኝ ነገር «ሞንቴሶሪ» እና «ኦፕን ኤንድድ» አንድ ላይ ተለጥፈው መሸጣቸው ነው። ጣሊያናዊቷ ሐኪምና የሕፃናት ትምህርት ሊቅ ማሪያ ሞንቴሶሪ የመጀመሪያውን የሕፃናት ቤቷን ሮም ውስጥ የከፈተችው እ.ኤ.አ. በ1907 ነው። በጣም የታወቀው መሣሪያዋ ሮዝ ግንብ ነው፦ 10 ኩቦች፣ ትንሹ 1 ሴንቲሜትር፣ ትልቁ 10 ሴንቲሜትር። ልጁ ከትልቁ ጀምሮ በቅደም ተከተል ይደረድራቸዋል። የሲሊንደር ማስገቢያዎቿም እንዲሁ ናቸው፤ እያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ቀዳዳ አለው፤ ከተሳሳተ መጨረሻ ላይ አንዱ ቦታ ያጣል። ልጁ ስህተቱን ያለ አስተማሪ እንዲያይ ታስቦ ነው እንዲህ የተሠራው። ድንቅ ሥራ ነው። ትኩረት ያስተምራል፣ ዓይንና እጅ ያስማማል። ግን ዝግ ነው፤ ሆን ተብሎ ዝግ ነው። ይህን ማለት ሞንቴሶሪን ማጣጣል አይደለም። «ሞንቴሶሪ ስለሆነ የልጄን ምናብ ይከፍታል» ብሎ መግዛት ግን ያላለችውን እንዳለች ማድረግ ነው።

የብሎክ፣ ማለትም እየተደረደረ የሚሠራበት የእንጨት ቁራጭ፣ ጨዋታ የመጣው በሌላ መንገድ ነው። «ኪንደርጋርተን» የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. በ1840 ያወጣው ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፍሮበል ለልጆች የእንጨት ኩቦች ይሰጥ ነበር። እሱም ቢሆን አጠቃቀማቸውን በቅደም ተከተል ይመራ ነበርና ሙሉ በሙሉ ክፍት ነበሩ ማለት ያስቸግራል። ኒው ዮርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1914 ትምህርት ቤት የከፈተችው ካሮላይን ፕራት ደግሞ ዛሬ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ የምናውቀውን ቀለም ያልተቀባ ብሎክ ነደፈች። ረጅሙ የአጭሩ እጥፍ ነው፣ ከዚያም የእጥፉ እጥፍ። ሥዕል የለበትም፣ ጽሑፍ የለበትም። ልጁ በሁለት አጭር አንድ ረጅም ሲተካ ሒሳቡን ማንም ሳይነግረው ያገኘዋል።

ነጠላን አስቡት። ነጠላ ቁልፍ የለውም፣ እጅጌ የለውም። ቤተ ክርስቲያን ሲኬድ መስቀለኛ ይጣፋል፣ ለቅሶ ላይ ይዘቀዘቃል፣ ሥራ ሲበዛ ወገብ ላይ ይታሰራል፣ ሲቸግር ሕፃን ይታቀፍበታል። ጨርቁ ያው ነው፤ የሚወስነው ለባሹ ነው። የተሰፋ ቀሚስ ግን ቀሚስ ነው። ልክ ሲሆን ያምራል፣ አንዱን ሥራውን ከነጠላ አሳምሮ ይሠራል፤ ዓመት ሲያልፍ ልጅቷ ታድግና ይጠባታል። ፐዝልና ሮዝ ግንብ የተሰፉ ቀሚሶች ናቸው። ብሎክ ነጠላ ነው፤ ሁለት ዓመት ላይ ታገላብጠዋለች፣ ሰባት ዓመት ላይ ድልድይ ትሠራበታለች። ነጠላም ግን መጠን አለው። የመሐረብ ያህል ቢቆረጥ ማንም አይለብሰውም። ስለዚህ «ማንኛውም ነገር ክፍት ነው» የሚለውም ስህተት ነው። ሩሲያዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ቪጎትስኪ ይህን ቀድሞ አይቶታል፦ ዱላ ለልጅ ፈረስ ይሆናል፣ ፖስት ካርድ ግን ፈረስ አይሆንም፤ ስለማይጋለብ። ነጠላውን ደግሞ ሌላ ሰው በመርፌ ቁልፍ አንድ ቅርጽ ላይ ከያዘው ያው የተሰፋ ሆነ ማለት ነው። ወላጆች ብዙ ጊዜ የምናደርገው ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ዋናው ጉዳይ ይመስለኛል። ውድ የእንጨት ቀስተ ደመና፣ ማለትም አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገባ ባለ ቀለም የቅስት መጫወቻ፣ ተገዝቶ ይመጣል። ልጁ አንዱን ቅስት ጭንቅላቱ ላይ ያደርገዋል። «አይ፣ አይ፣ እንዲህ ነው» ይባልና ከትልቅ እስከ ትንሽ ይደረደርለታል። ተዘጋ። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ አራት የተለያዩ ነገሮችን የሚያደርግ መጫወቻ ሠርተው ለመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ሰጡ። ለአንዳንዶቹ «መጫወቻዬ የሚሠራው እንዲህ ነው» ብለው አንዱን አሳዩአቸው። ለሌሎቹ ያንኑ ሳያስቡት እንደነኩት አስመስለው አሳዩ። የተማሩት ልጆች ያችኑ የታየቻቸውን ደጋገሙ፤ ለአጭር ጊዜ ተጫወቱ፣ የቀሩትንም ብዙም አላገኙም። መማር መጥፎ ነው ለማለት አይደለም። ልጅ አዋቂ ሲያሳየው «ሌላ ነገር የለውም ማለት ነው» ብሎ ይደመድማል፤ ብልህ ስለሆነ ነው የሚደመድመው።

አንዳንዱ ደግሞ «እኛ ድሮ ጨዋታችን ሁሉ ክፍት ነበር» ይላል። ሁሉ እንኳ አልነበረም። ሰኞ ማክሰኞ ሕግ አለው፤ መስመር ከረገጥሽ ወጣሽ። ብይም ሕግ አለው። ሕግ ያለው ጨዋታ ተራ መጠበቅን፣ መሸነፍን ያስተምራል፤ እሱም ያስፈልጋል። ክፍቱ «ዕቃ ዕቃ» የምንለው ጨዋታ ነበር።

የምሠራበት ክፍል ውስጥ የፕላስቲክ ማድ ቤት አለ። እንቁላሉ ሁልጊዜ የተጠበሰ ነው። ልጆቹ መጥበሻው ላይ ያደርጉታል፣ ያነሱታል፣ ይሄዳሉ። እዚያው ጎን አንዲት የአራት ዓመት ልጅ ቆርኪ ካርቶን ላይ ደረደረች። ሲኒ ነው። ጠጠሩ ስኳር፣ የተቀዳደደው ሣር ቄጤማ ሆነ። ጓደኛዋ አንዱን ስታነሳ «ቆይ! ገና አልፈላም» ብላ እጇን መለሰችው። አቦሉ ተቀዳ፣ ቶናው ተቀዳ። በረካው ላይ «ቀጠነባችሁ፣ ይቅርታ» አለች፤ ድምጿ የአያቷን መሰለ። ከዚያ ቡናው አለቀና ያው ቆርኪ ሳንቲም ሆነ፣ ካርቶኑ ታክሲ። «ወራጅ አለ!» የሚል ጩኸት ክፍሉን ሞላው። ያ ቆርኪ ሲኒም ሳንቲምም የሆነው ራሱ ምንም ስላልነበረ ነው።

በዚህ ተነስታችሁ ግን እውነተኛ የሚመስሉትን መጫወቻዎች አትጣሉ። የማስመሰል ጨዋታ የሚጀምረው አንድ ዓመት ተኩል አካባቢ ነው። በዚያ ዕድሜ ልጅ ኩባያ የሚመስል ኩባያ፣ ስልክ የሚመስል ስልክ ይረዳዋል። ቆርኪን ሲኒ ለማድረግ መጀመሪያ ሲኒን በእጁ ማወቅ አለበት። አሻንጉሊትም ቢሆን ፊቷ ቀለል ያለ፣ የማታወራ ከሆነች ትታመማለች፣ ትዳራለች፣ ትማራለች። ከዚያ በታች ላለ ሕፃን ደግሞ «ክፍት» የሚለው ክርክር ገና ነው፤ እሱ መያዝ፣ መወርወር፣ ማላመጥ ነው ሥራው።

ብዛትም አያስጨንቃችሁ። አሜሪካ ውስጥ በቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ጥናት ታዳጊ ሕፃናትን በ4 መጫወቻና በ16 መጫወቻ መካከል አወዳድሮ ነበር። አራት ብቻ ሲቀርብላቸው በእያንዳንዱ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ፣ በተለያየ መንገድም ተጫወቱ። ግማሹን ቁም ሳጥን ላይ አስቀምጡና በሳምንቱ ቀያይሩ።

ስለ ደኅንነት ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ቆርኪ፣ ጠጠር፣ ባቄላ አይሰጥም። የአሜሪካው ደረጃ 32 ሚሊሜትር ገደማ ስፋት ባላት አጭር ቱቦ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚገባን ነገር ለዚህ ዕድሜ ይከለክላል። አሁን በብዛት የሚገባው የማግኔት ሰሌዳ፣ ማለትም ጠርዙ ውስጥ ማግኔት ያለበት እርስ በርሱ የሚጣበቅ የፕላስቲክ ቁራጭ፣ ጥሩ ክፍት መጫወቻ ነው፤ ጠርዙ ከተሰነጠቀ ግን ያን ጊዜውኑ ይጣል። ሁለት ማግኔት የዋጠ ልጅ አንጀቱ በመካከላቸው ሊቆነጠጥ ይችላል።

እናንተ ቤት ቀድሞ የተገዛው የሚዘፍን፣ የሚያበራ መኪና ከሆነ ደግሞ ሌላ መግዛት የለባችሁም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ወላጆች ከሕፃን ጋር ድምፅ በሚያወጣ የኤሌክትሮኒክ መጫወቻ ሲጫወቱ በመጽሐፍ ወይም በተራ መጫወቻ ሲጫወቱ ከሚያወሩት ያነሰ ያወራሉ። ስለዚህ ባትሪውን አውጡት። መኪናው አምቡላንስም፣ አይሱዙም፣ የሙሽራ መኪናም ይሆናል። ያወጣችሁት ባትሪ የሳንቲም ዓይነት ከሆነ ግን ጠረጴዛ ላይ አትተዉት፤ የዋጠውን ልጅ ጉሮሮ በ2 ሰዓት ውስጥ ክፉኛ ሊያቃጥል ይችላል። ዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ሳትጠብቁ ወዲያው ሐኪም ቤት ሩጡ።