«ጠብ አጫሪ» ማን ነው?

ትናንት ያረምሁት ዜና «ሁለቱ ጠብ አጫሪ ወገኖች ለድርድር ተቀመጡ» ይላል። ቀዩን እስክሪብቶ አነሣሁ። ይህን ስሕተት ሳርም በዚህ ወር ሦስተኛዬ ነው።

የሚጣላ ሁሉ ጠብ አጫሪ ነው የሚለው እምነት ከየት እንደመጣ እንጃ። ግሱን ተመልከቱት እንጂ፤ ክብሪት ይጫራል፣ እሳት ይጫራል። ጠብ አጫሪ ክብሪቱን የጫረው ነው፤ ቤቱ ሲነድ ባልዲ ይዞ የሚጮኸውን አይጨምርም። ዘጋቢው «ቤሊጀረንት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ሲተረጉም ነው የተሳሳተው። ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን ጦርነት የሚያካሂድ ማለት ነው፤ በ1907 እ.ኤ.አ. በተፈረሙት የሄግ ስምምነቶች ወራሪውም ተወራሪውም በዚሁ ስም ይጠራሉ። አማርኛው «ተፋላሚ ወገን» ነው። የእንግሊዝኛው ቃል ስለ ሰው ጠባይ ሲነገር ግን «ጠበኛ» እንላለን፤ ባስ ካለ ደግሞ «ጠብ ያለሽ በዳቦ»።

የቃላት ጨዋታ የሚመስለው ካለ የኦጋዴኗን ወልወልን ያስታውስ። በ1927 ዓ.ም. እዚያ ለተነሣው ግጭት ጣሊያን ጠብ አጫሪዋ ኢትዮጵያ ናት ብላ ይቅርታና ካሳ ጠየቀች፤ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ራሷ መረብን ተሻግራ ወረረች። ተፋላሚዎቹ ሁለቱም ነበሩ። ሁለቱንም ጠብ አጫሪ ብሎ የሚጽፍ ሰው የሮማን ክስ በግማሽ ተቀብሎላታል።

የተቆጣ ሁሉ ጠበኛ ነው የሚሉም አሉ። አንድ ወዳጄ ደመወዙ ለምን እንደዘገየ ድምፁን ከፍ አድርጎ በመጠየቁ «የጠብ አጫሪነት ባሕርይ» የሚል ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት። ደመወዙ በተከፈለው ቀን ቁጣው በረደ። ጠበኛ ቢሆን ኖሮ ሌላ ሰበብ ይፈልግ ነበር። እንዲህ ያለ ደብዳቤ የምትጽፉ ሰዎች ሆይ፣ ባሕርይ ከመፈረጃችሁ በፊት ድርጊቱን ጻፉ፤ ማን ምን አለ? ማንስ ጀመረ? ይህን ከጻፋችሁ ቅጽሉ ባይኖርም ማንም አይጎድለውም።

ጠበኛና ጠላትም አንድ አይደሉም፤ ጠላት ፈገግ እያለ ዓመታት ሊቆይ ይችላል።

«ጠብ» ስሕተት ነው፣ ትክክሉ «ጸብ» ነው ለምትሉ፦ የግእዙ «ጸብእ» ጦርነት ነው፤ «ጸልአ» በአማርኛ «ጠላ» እንደሆነው ሁሉ ይህም «ጠብ» ሆነ። ሁለቱም ይጻፋሉ፤ በአንድ ገጽ ግን አንዱን ምረጡ።

ዘጋቢው እርማቴን አይቶ ጽሑፉን ዛሬ መለሰልኝ። «ሁለቱ ጠበኛ ወገኖች ለድርድር ተቀመጡ» ይላል።