ኒው ኦርሊንስ ከባሕር በታች አልተቆረቆረችም

የአሜሪካዋ ኒው ኦርሊንስ በጎርፍ ስሟ በተነሣ ቁጥር «ከባሕር በታች ከተማ መሥራት ምን የሚሉት ሞኝነት ነው?» የሚል አይጠፋም። አባባሉ ብልህ ይመስላል፤ ታሪኩ ግን ሌላ ነው። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ድሮም ከባሕር በታች ነበረች»

አልነበረችም። ፈረንሳውያን በ1718 ሲቆረቁሯት የመረጡት የሚሲሲፒ ወንዝ ደለል ሲቆልልበት የኖረውን ከፍ ያለ ዳርቻ ነው። ከጀርባው ያለው ረግረግ እንኳ ያን ጊዜ ከባሕር ወለል ጥቂት ከፍ ይል ነበር። አልበርት ባልድዊን ዉድ የተባለ መሐንዲስ በ1913 የሠራው ግዙፍ ፓምፕ ረግረጉን ሲያደርቅ ሰው ሰፈረበት። የረግረግ አፈር ግን ውኃ የጠገበ ጭቃና ለዘመናት የተደራረበ ሥራሥር ነው። ውኃው ሲወጣለት ይኮማተራል፤ አየር ሲያገኘው ሥራሥሩ በስብሶ ያልቃል። መረሬ በበጋ ሲሰነጣጠቅ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። መረሬ ግን ክረምት ሲገባ መልሶ ያብጣል፤ ይህኛው እንደ ሰመጠ ይቀራል። በተቀበረ ምሰሶ ላይ የቆመው ቤት ባለበት ሲቀር ግቢው ይወርዳል። የደጁ ደረጃ አየር ላይ ይንጠለጠልና ባለቤቱ ከታች አንድ እርከን ይጨምራል፤ ከዓመታት በኋላ ደግሞ ሌላ። ዛሬ የከተማዋ ግማሽ ያህሉ ከባሕር ወለል በታች ነው።

«በ2005 ያጠፋት አውሎ ነፋሱ ነው»

አውሎ ነፋሷ ካትሪና ብርቱ ነበረች። ሆኖም ከተማዋ 80 በመቶ ያህል በውኃ የተዋጠችው በዋናነት መከላከያው ስለ ፈረሰ ነው። የ17ኛው ጎዳናና የለንደን አቬኑ ቦዮች ግድግዳዎች የተደረመሱት ውኃው ከአናታቸው ሳያልፍ ነው፤ የቆሙበት ልል አፈር ከዳቸው። ቦዮቹ የተቆፈሩት ደግሞ የከተማዋን ውኃ ወደ ፖንቻርትሬን ሐይቅ ለማስወጣት ነበር። በዚያ ቀን ሐይቁ በእነርሱ በኩል ገባ።

«የወንዙ ግንብ ከጎርፍ ይጠብቃል እንጂ ሌላ ነገር አይነካም»

ከሁሉ የከፋው ስሕተት ይህ ይመስለኛል። ኒው ኦርሊንስ ያለችበትን የሉዊዚያና ግዛት ደቡብ የሠራው ራሱ ጎርፉ ነው፤ ወንዙ እየሞላ በፈሰሰ ቁጥር ደለሉን ያለብሳት ነበር። ከ1927ቱ ታላቅ ጎርፍ በኋላ ወንዙ ግራና ቀኙ በግንብ ሲታሰር፣ ደለሉ አለ ጥቅም ወደ ጥልቁ ባሕር ይራገፍ ጀመር። ለነዳጅና ለመርከብ የተቆፈሩ ቦዮች ደግሞ ጨዋማ ውኃ አስገቡ። ነዋሪው «ሚስተር ጎ» የሚለው የ1960ዎቹ የመርከብ ቦይ ሳይፕረስ የተባሉትን የረግረግ ዛፎች አድርቆ፣ በመጨረሻ በ2009 በድንጋይ ተዘጋ። ግዛቲቱ ከ1930ዎቹ ወዲህ 5,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል መሬት አጥታለች። የማዕበሉን ጉልበት ያበርድ የነበረው ይኸው መሬት ነው።

«ትርፉን ውኃ በሌላ በር መልቀቅ ጉዳት የለውም»

በ2019 የወንዙን ትርፍ ውኃ ወደ ፖንቻርትሬን ሐይቅ የሚለቁት የቦኔ ካሬ ማስተንፈሻ በሮች ከ100 ቀናት በላይ ተከፈቱ። ከተማዋ ዳነች፤ ጨዋማ ውኃ የለመደው የአጎራባቿ የሚሲሲፒ ግዛት ኦይስተር (ለምግብ የሚሆን ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳ) ግን በወንዝ ውኃ አለቀ።

«እንግዲያው ግንብ ከንቱ ነው»

ይህም ልክ አይደለም። ከካትሪና በኋላ ከ14 ቢሊዮን ዶላር በላይ የፈሰሰበት አዲሱ መከላከያ፣ ካትሪና በመታች ልክ በ16 ዓመቱ፣ በዚያው ዕለት የመጣውን አይዳ የተባለ አውሎ ነፋስ መክቷል። ከመከላከያው ውጭ ያለችው የላፕላስ ከተማ ግን በዚያው ማዕበል ተጥለቀለቀች።