የፐንክ ወጣቶች ፊልም ከሐረር ሲታይ

የፐንክ ወጣቶች ፊልም የሚባለው በፐንክ ሙዚቃና አለባበስ ዙሪያ የተሰባሰቡ ልጆች ከልጅነት ወደ ጉልምስና የሚሻገሩበትን ጊዜ የሚተርክ ድራማ ነው። ባለታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ ገና አሥራዎቹ ውስጥ ያለ፣ አባቱ የሞተበት፣ ትምህርት ቤት የሚሳቅበት ወይም ቤቱ ውስጥ የሚያዳምጠው ያጣ ልጅ ነው። ከእሱ ከፍ ያሉ ልጆች ያገኙትና ፀጉሩን ይቆርጡታል፣ ያለብሱታል፣ ቅጽል ስም ያወጡለታል። ከጊዜ በኋላ ከቡድኑ አንዱ ይሞታል ወይም ክፉኛ ይጎዳል። ያኔ ልጁ ከዚያ ወዲያ ማን እንደሚሆን ራሱ መወሰን አለበት። ዓይን የሚስበው ጩኸቱና ባለቀለም ፀጉሩ ቢሆንም ዘውጉ የቆመው በዚህ በመጨረሻው ጥያቄ ላይ ነው፦ ያመፀ ልጅ አመፁ ሲያልቅ ወዴት ይሄዳል?

ጥያቄው ለሐረር ሰው ሩቅ አይደለም። የኒውዮርክ ፐንኮች ስሙን እየጠሩ የሚዘፍኑለት ፈረንሳዊ ባለቅኔ፣ አርቱር ራምቦ፣ አመፁን ጨርሶ የመጣው ወደዚህች ከተማ ነው።

ሙዚቃው

ፐንክ በ1970ዎቹ አጋማሽ ኒውዮርክ ውስጥ ሲቢጂቢ በሚባል ጠባብ መጠጥ ቤት ዙሪያ ተወለደ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የራሞንስ ባንድ የመጀመሪያ አልበም በ1976 ሲወጣ 14 ዘፈን በ29 ደቂቃ ያልቅ ነበር። በዚያው ዓመት ለንደን ላይ ሴክስ ፒስትልስ የመጀመሪያ ነጠላ ዘፈኑን አወጣ፤ በ1978 መጀመሪያ ደግሞ ተበተነ። አለባበሱ የተቀረጸው ማልኮም ማክላረንና ቪቪያን ዌስትውድ ኪንግስ ሮድ ላይ በከፈቱት የልብስ ሱቅ ነው።

ባንዶቹ ቶሎ ቢበተኑም አስተሳሰቡ ቀረ። ሦስት ኮርድ የያዘ ልጅ ባንድ ያቋቁማል፤ ጋዜጣ የማይጽፍለት ልጅ ራሱ ጽፎ በፎቶ ኮፒ ያባዛል፤ አዲስ ልብስ መግዛት ያልቻለ የተቀደደውን በመርፌ ቁልፍ ይይዘዋል። ጀጎል በሚባለው ባለግንቡ የሐረር አሮጌ ከተማ፣ ከፈረስ መጋላ አደባባይ በሚነሳው መኪና ግርግር በሚባል መንገድ፣ ልብስ ሰፊዎቹ ሲንጀራቸውን በየደጃፉ ደርድረው ይሠራሉ። ሰልባጅ ጃኬት ገዝቶ እጅጌውን ያሳጠረ፣ ወገቡን ያስጠበበ የሐረር ልጅ ስለዚህኛው የፐንክ ወገን የሚነግረው ሰው አያስፈልገውም።

ፊልሞቹን ስናይ ብዙ ጊዜ የሚያልፈን ሌላ ነገር አለ፤ የፐንክና የሬጌ ዝምድና። በ1977 ለንደን ሮክሲ ክለብ ውስጥ ሸክላ ያጫውት የነበረው ዶን ሌትስ ገና በቂ የፐንክ ሸክላ ስላልነበረ ለነጮቹ ልጆች ሬጌ ያስደምጣቸው ነበር። ክላሽ የተባለው ባንድ የጃማይካ ዘፈን በራሱ ስልት ቀረጸ፤ ቦብ ማርሌም በዚያው ዓመት ፐንኩንና ሬጌውን ባንድ ድግስ ላይ የሚያገናኝ ዘፈን አወጣ። የዋሽንግተኑ ባድ ብሬንስ፣ እጅግ ፈጣን ፐንክ የሚጫወቱ ጥቁር ወጣቶች፣ ጭራሽ ራስታ ሆኑ። የሚያመልኳቸው ንጉሥ የተወለዱት በ1892 ከሐረር ብዙም በማይርቀው በኤጀርሳ ጎሮ ነው።

ፊልሞቹ

የዘውጉን አሠራር አጉልቶ የሚያሳየው የእንግሊዛዊው ሼን ሜዶውስ «ዚስ ኢዝ ኢንግላንድ» (2006) ነው። በእርግጥ እዚህ ያሉት ልጆች ፐንክ ሳይሆኑ የቅርብ ዘመዶቹ ስኪንሄዶች ናቸው። ስኪንሄድነትን በ1960ዎቹ መጨረሻ የጀመሩት የእንግሊዝ ሠራተኛ መደብ ልጆች ሲሆኑ፣ የጃማይካ ስደተኞችን ሙዚቃና አለባበስ ወድደው ነበር። በኋላ ዘረኛ ፓርቲዎች ገብተው ለሁለት ከፈሉት። ፊልሙ የዚያ ክፍፍል ታሪክ ነው።

ዘመኑ 1983 ነው፤ እንግሊዝ ውስጥ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ሰው ሥራ የለውም። የ12 ዓመቱ ሾን አባቱን ያጣው ባለፈው ዓመት በፎክላንድ ጦርነት ነው። ትምህርት ቤት የሚሳቅበት በሰፊው ሱሪው ነው፤ እኛ ቤልቦተም የምንለው፣ ታላላቆቻችን የዘመናዊነት ጥግ ያደረጉት ሱሪ። ዉዲ የሚባል ልጅና ጓደኞቹ ከመንገድ አግኝተው ያስቁታል፣ ከመሃላቸው ያስቀምጡታል። ጫማ ሊገዛ ከእናቱ ጋር ሲሄድ የሚፈልገው ቡትስ በእግሩ ቁጥር አይገኝም፤ ሻጯ ሌላ ዓይነት አምጥታ ይሄም ያው ነው ብላ ታግባባዋለች። ከዚያ አንዲት የቡድኑ ልጅ ፀጉሩን ትላጨዋለች፤ ሸሚዝና የሱሪ ማንገቻ ይሰጠዋል፤ በመስታወት ራሱን ሲያይ ፊቱ ይለወጣል። እናቱ ግን ልጇን ይዛ ቡድኑ ወደተቀመጠበት ካፌ ትመጣለች። ሳትጠየቅ ለምን እንደተላጨ ትቆጣለች፤ ተቆጥታ ስትጨርስ ልጇን እዚያው ትታው ትሄዳለች። የዚህች እናት ነገር በብዙ ፊልም ውስጥ አይገኝም። ልጇ ጓደኛ እንደሚያስፈልገው ከማንም በፊት የገባት እሷ ናት።

ክፋቱ የሚመጣው ከእስር ከተፈታው ከኮምቦ ጋር ነው። ኮምቦ ለሾን የሞተ አባቱን ቦታ ይይዝለታል፤ ወደ ዘረኛ ስብሰባም ይወስደዋል። ዘሩ ከጃማይካ የሆነውን ሚልኪን ግን ወድዶ ጠርቶት አብሮት ይቀመጣል። ሚልኪ ስለ ሰፊው ቤተሰቡ፣ ስለሚበሉት ምግብ፣ ስለ ዘመዶቹ ብዛት በደስታ ሲያወራ ኮምቦ እያደመጠ ይጠቁራል፤ ከዚያ ተነስቶ ሊገድለው እስኪደርስ ይደበድበዋል። ዘረኝነት በቅናትና በባዶ ቤት ላይ እንዴት እንደሚበቅል ያለ ስብከት ያሳየ ከዚህ የተሻለ ትዕይንት አላየሁም። ፊልሙ በ2008 የእንግሊዝ ምርጥ ፊልም ተብሎ ባፍታ የተባለውን የፊልም ሽልማት አግኝቷል። ሾንን የተጫወተው ቶማስ ተርጉስ ከዚያ በፊት ፊልም ላይ ሠርቶ አያውቅም ነበር።

የአሜሪካው «ኤስኤልሲ ፐንክ» (1998) ሶልት ሌክ ሲቲ ላይ በ1985 ይካሄዳል። ሞርሞኖች በሚበዙባት፣ ሃይማኖት የኑሮዋ መሠረት በሆነባት ከተማ ውስጥ ያሉ ጥቂት ፐንኮች ታሪክ ነው። ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ከተማ የተለየ ልብስ ለብሶ መውጣት ምን ያህል እንደሚከብድ 82 መስጊድ በግንብ አጥር በያዘችው ጀጎል ያደገ ልጅ በቀላሉ ይረዳዋል። የባለታሪኩ የስቲቮ የቅርብ ጓደኛ ቦብ መርፌና አደንዛዥ ዕፅ የሚፈራ ልጅ ነው፤ አንድ ምሽት ከመጠጥ ጋር በወሰደው ክኒን ሳይታሰብ ይሞታል። ስቲቮ ፀጉሩን ቆርጦ ለቀብር ይሄዳል፤ አባቱ ወደሚመኝለት የሕግ ትምህርትም ይገባል። አንዳንዶች ይህን እጅ መስጠት ይሉታል። እኔ ግን አልስማማም፤ ስቲቮ የሚለወጠው ስለተሸነፈ ሳይሆን ጓደኛውን ስለቀበረ ነው።

የሉካስ ሙዲሰን «ቪ ኤር ቤስት» (2013) ቀለል ያለ ነው። ስቶክሆልም፣ 1982፤ ቦቦና ክላራ የሚባሉ የ13 ዓመት ልጆች ምንም መሣሪያ መጫወት ሳይችሉ፣ የወጣት ማዕከሉን የመለማመጃ ክፍል ከሚረብሹ ወንዶች ለመንጠቅ ሲሉ ብቻ ባንድ ነን ይላሉ። ክላሲክ ጊታር የምትችለውን መንፈሳዊ ልጅ ሄድቪግን ይጨምራሉ፤ ፀጉሯንም ይቆርጧታል። እዚህም እናት ትቆጣለች። ይህ ፊልም ማንንም አይገድልም፤ ከሦስቱ እንደገና ደጋግሜ የማየው እሱን ነው።

ራምቦ

አርቱር ራምቦ በ1854 ሻርልቪል በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ተወለደ። በ15 ዓመቱ ከእናቱ ቤት ጠፍቶ ፓሪስ ገባ፤ ፀጉሩን አሳድጎ፣ ልብሱ ቆሽሾ፣ የተከበሩ ባለቅኔዎችን በየግብዣው እየዘለፈ ዘመኑን አስደነገጠ። በ1873 ብራስልስ ላይ ጓደኛው ፖል ቬርሌን ተኩሶ እጁን አቆሰለው። 21 ዓመት ከሞላው በኋላ ግጥም ጽፎ አያውቅም ማለት ይቻላል።

ከመቶ ዓመት በኋላ ኒውዮርክ ያነሳችው ይህን ልጅ ነው። ዘፋኟ ፓቲ ስሚዝ በ1975 የመጀመሪያ አልበሟ ላይ ስሙን ትጠራዋለች፤ የ1976ቱ አልበሟም ርዕሱ «ሬዲዮ ኢትዮጵያ» ነው። «ቴሌቪዥን» የሚባለው ባንድ መሪ ቶም ሚለር ደግሞ የቬርሌንን ስም ወስዶ ቶም ቬርሌን ተባለ።

ሐረር የምታውቀው ራምቦ ግን ሌላው ነው። በ1880 መጨረሻ የቡና ነጋዴ ድርጅት ሠራተኛ ሆኖ ከኤደን መጣ፤ ከተማዋ ያኔ በግብፆች እጅ ነበረች። እየሄደ እየተመለሰ እስከ 1891 ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ ነገደ። ለምኒልክ ጠመንጃ ሸጠ፤ የሐረር ገዢ ከሆኑት ከመኮንን ጋር ተዋወቀ። ለቤተሰቡ በሚጽፈው ደብዳቤ ስልቸታውን ይናገራል፣ ስለ አናጺነትና ብረታ ብረት የሚያስተምሩ መጻሕፍት እንዲልኩለት ይለምናል፣ ካሜራ አስመጥቶም ፎቶ ያነሳል። በ1883 ከዚሁ ከሐረር በጻፈው አንድ ደብዳቤ ምኞቱ ወንድ ልጅ ወልዶ፣ አሳድጎ፣ በትምህርቱ የታወቀ መሐንዲስ ሲሆን ማየት ነው። የፓሪሱ አመፀኛ እንደ ማንኛውም የሐረር አባት ይመኝ ነበር። በ1891 ጉልበቱ ታሞ በቃሬዛ እስከ ዘይላ ተወሰደ፤ ማርሴይ ላይ እግሩ ተቆረጠ፤ በኅዳር በ37 ዓመቱ ሞተ። ሐረር ውስጥ ያገለግለው ለነበረው ለወጣቱ ጃሚ ገንዘብ እንዲሰጥ ተናዝዟል።

ጀጎል ውስጥ ዛሬ ራምቦ ቤት የሚባለው ሙዚየም ያነሳቸውን ፎቶዎች ይዟል። ሕንፃውን ያሠራው ህንዳዊ ነጋዴ ነው፤ ባለ ቀለም መስኮቶቹንና የእንጨት ሥራውን ለማየት ብቻ መግባት ያዋጣል። አግኔስካ ሆላንድ በ1995 በሠራችው ፊልም ሌዮናርዶ ዲካፕሪዮ ራምቦን ሆኖ ተጫውቷል፤ ትኩረቷ ግን ከቬርሌን ጋር ባሳለፈው ጊዜ ላይ ነው። እኔ ማየት የምፈልገው ነጋዴውን፣ ሒሳብ ጸሐፊውን፣ የቴክኒክ መጽሐፍ የሚጠብቀውን ሰው ነው። የፐንክ ፊልሞች ልጁን በሩ ላይ ይተዉታል፤ ከበሩ ወዲያ ያለው ሕይወት እዚህ ሐረር ላይ ተኖሯል።

እዚህ ለሚያይ

እነዚህ ፊልሞች እኛ ጋ የሚደርሱት በፍላሽ ተጭነው ወይም በስልክ ነው። በአማርኛ እያጠረ የሚተረከው ቅጂ ለነዚህ አይሆንም፤ ድርጊታቸው ትንሽ ስለሆነ የሚነገረው ነገር አምስት ደቂቃ አይሞላም፣ ፊቶቹ ግን ይቀራሉ። በአፎቻ (በሐረር የመረዳጃ ማኅበር) ውስጥ ያደገ፣ የሰፈሩን ሠርግና ለቅሶ ከልጅነቱ ያየ ተመልካች ቡድን ምን እንደሚሰጥና ምን እንደሚያስከፍል ስለሚያውቅ ከለንደን ተመልካች የተሻለ የሚያይበት ጊዜ አለ።

ለመጀመር የስዊድኑ ይሻላል፤ ከ12 ዓመት በላይ ከሆኑ ልጆች ጋር ቁጭ ብሎ ማየት ይቻላል። የእንግሊዙ ላይ ከባድ የዘር ስድብና ድብደባ ስላለ ወላጅ ቀድሞ ይየው፤ ከ16 ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ ግን አብሮ አይቶ ስለ ኮምቦ መነጋገር ይጠቅማል። የአሜሪካው ስለ መጠጥና ክኒን ብዙ ያሳያል፤ እሱን ለአዋቂ መተው ነው።