የዕድር ድንኳን አጣጠፍና አቀማመጥ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ድንኳን ሲተከል ሰው አይጠፋም። ጥሩንባ የሰማ ሁሉ ይመጣል፤ አንዱ ቱቦ ይይዛል፣ ሌላው ገመድ ይወጥራል። ሰልስት ካለፈ በኋላ ግን ሸራውን የሚያጥፉት ሦስት አራት ሰዎች ናቸው። እነሱም ቶሎ ጨርሰው ወደ ሥራቸው ለመሄድ ይቸኩላሉ። ብዙ ዕድር ሸራው ሳያረጅ ለሌላ ሸራ መዋጮ የሚጠይቀው በዚህ ምክንያት ነው ባይ ነኝ። ዝናብና ነፋስ ይጎዱታል፣ እውነት ነው። አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው ግን ታጥፎ ዕቃ ቤት በተኛበት ጊዜ ነው። እስቲ ስለ ሸራ የሚባለውን አንድ በአንድ እንየው።

«ሸራ ነው፤ ውሃ አይጎዳውም። ርጥቡን ብናጥፈው ምን ይሆናል?»

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ተወጥሮ የቆመ ሸራ ቢዘንብበትም አየር ስለሚያገኝ ይደርቃል። ታጥፎ ሲከመር ግን መሃሉ ውሃ እንደያዘ ይታፈናል። የጥጥ ሸራ ደግሞ ለሻጋታ ምግብ ነው። ሞቅ ያለ ቦታ ከሆነ አንድ ሁለት ቀን ይበቃዋል። መጀመሪያ ሽታ ይመጣል፣ ቀጥሎ ጥቁር ነጠብጣብ። ነጠብጣቡን እንደ እድፍ ብቻ የሚያየው ብዙ ነው፤ ሻጋታው ግን ክሩን እየበላው ነው። በሚቀጥለው ለቅሶ ሸራው ሲወጠር እዚያው ላይ ይቀደዳል።

«ታዲያ ሐምሌ ላይ ምን እናድርግ?» ማለታችሁ አይቀርም። ልክ ናችሁ፤ በክረምት ደረቅ ሸራ ማውረድ የሚቻለው በዕድል ነው። ርጥቡን አውርዱት፤ ግን አጥብቃችሁ አትሰሩት። ላላ አድርጋችሁ ጠቅልሉት። በማግስቱ፣ ቢበዛ በሁለተኛው ቀን፣ ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ ገመድ ወይም አጥር ላይ ዘርጉት። ፋታ ካልሰጠም አዳራሽ ውስጥ ወንበር ላይ ይዘርጋ። አውስትራሊያ ውስጥ የሸራ ድንኳን የተገጠመበት ተጎታች ይዘው አገር የሚዞሩ ሰዎችም ደንባቸው ይኸው ነው፤ በዝናብ ያጠፉትን ቤት ሲደርሱ ይከፍቱታል።

መድረቁን ለማወቅ መሃሉን አትንኩ፤ እሱ ቶሎ ይደርቃል። ጠርዙን፣ ስፌቱንና ገመድ የሚገባበትን ድርብ ቦታ ጨበጥ አድርጉት። እዚያ ጋ ቀዝቀዝ ካላችሁ ገና ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ከቀብር የቀረ አባል ይቀጣል። ርጥብ ሸራ ቆልፎበት የሄደን ግን የሚጠይቀው የለም! የማግስቱን ማድረቅ ለአንድ ሰው በስሙ መስጠት፣ ትንሽ የድካም ዋጋም መክፈል፣ አዲስ ሸራ ከመግዛት በብዙ ይረክሳል።

«የእኛ ፕላስቲክ ነው፤ አይሻግትም።»

ግማሹ እውነት ነው። በፒቪሲ የተሸፈነ የፖሊስተር ሸራ ክሩ እንደ ጥጥ አይበሰብስም። ሻጋታው ግን ላዩ ላይ በቀረው አቧራ፣ ቅባትና ወጥ ላይ ይበቅላል። ሌላም ችግር አለ። ቀትር ላይ ፀሐይ እንዳጋለው ከታጠፈ እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ በቀለም የተጻፈው የዕድሩ ስምም ወደ ሌላው ገጽ ሊጋባ ይችላል። በረድ ሲል እጠፉት።

«ከሻገተ በረኪና አለ።»

በረኪና ነጠብጣቡን ሊያነጣው ይችላል። ጥጡንና የስፌቱን ክር ግን ያደክማል። የልብስ ዱቄት ሳሙናም ቢሆን ሸራው ውሃ እንዳያስገባ የተቀባውን ነገር አጥቦ ይወስደዋል፤ ከዚያ «ምን ነካው፣ ማፍሰስ ጀመረ» ይባላል። መጀመሪያ አቧራውን በደረቁ ቦርሹት፣ ቀጥሎ በንጹሕ ውሃና በለስላሳ ብሩሽ እጠቡት። ለሻጋታው ኮምጣጤ በውሃ በጥብጣችሁ ሞክሩ። እድፉ ሙሉ በሙሉ ላይለቅ ይችላል። ተውት፤ ቁም ነገሩ ሻጋታው እንዳይቀጥል ነው።

ፀሐይ ለሸራ መድኃኒት ናት ብለው ሳምንት ሙሉ አስጥተው የሚተዉትም አሉ። ፀሐይ ታደርቃለች፣ ግን ክርም ታደክማለች። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በዚህ ከፍታ የፀሐይዋ ጨረር ይበረታል። ሲደርቅ አንሱት።

«አዲስ ሸራ ካፈሰሰ ተታለናል።»

የጥጥ ሸራ ከሆነ አትቸኩሉ። አዲስ ሲሆን በስፌቱ ቀዳዳ ውሃ ማስገባቱ የተለመደ ነው። ወጥራችሁ በደንብ አርጥቡት፣ ይድረቅ፣ ደግማችሁ አርጥቡት። ክሩ ውሃ ሲጠጣ ያብጥና ቀዳዳውን ይደፍነዋል።

በላስቲክ ጥቅልል አድርጎ ማስቀመጥ ጥንቃቄ ይመስላል። ላስቲክ ግን ውስጥ የቀረችውን ርጥበት መውጫ ያሳጣታል። ጆንያ ወይም የጨርቅ ከረጢት ይሻላል። ሲሚንቶ ወለልም ርጥበት ስለሚያሳልፍ ከሥሩ ጣውላ ይደልደል። አይጥ ደግሞ ሸራውን የምትቆርጠው በክፋት አይደለም፤ እጥፋቱ ውስጥ የቀረ ንፍሮ ወይም ፍርፋሪ እንጀራ ጠርቷት ነው። ከማጠፋችሁ በፊት አራግፉት። ከሠርግ የመጣ ከሆነ ቄጤማውንም ልቀሙለት፤ ርጥብ ሣር እጥፋት ውስጥ ይበሰብሳል።

ሁልጊዜ በዚያው መስመር ማጠፍ ጥሩ ልማድ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ሸራው የሚሰነጠቀው በዚያው መስመር ላይ ነው። አንዴ ከሦስት፣ አንዴ ከአራት እጠፉት፤ ቦታ ካለ ደግሞ መጠቅለል ይበልጣል።

ቱቦውንና ካስማውን ሸራው ውስጥ ጠቅልሎ መሸከም ለጭነት ይመቻል። ዕቃ ቤት ከገባ በኋላ ግን ለዩአቸው። ርጥብ ብረት ይዝጋል፤ ዝገት ጥጥ ላይ የሚተወው ቡናማ እድፍም በቀላሉ አይለቅም፣ የካስማው ጫፍም ይወጋል። ካስማው ጭቃው ተጠርጎ ለብቻው በጆንያ ይግባ።