ለሴፕሲስ የሚሰጠው ስቴም ሴል ምንድን ነው?

ባለፈው ሳምንት ከለገሃር ወደ ፒያሳ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። ሾፌሩ ሬዲዮ ከፍቷል። እንግዳው ስለ ጤና ያወራል፤ አነጋገሩ ጥርጣሬ የሚባል ነገር አያውቅም። "ሴፕሲስ ማለት ደም ሲመረዝ ነው። አሁን መድኃኒቱ ተገኝቷል። ስቴም ሴል ሲሰጥህ የሞተው ኩላሊት፣ የሞተው ሳንባ እንደ አዲስ ይበቅላል" አለ። (ስቴም ሴል ማለት ራሱን የሚያባዛና ሌላ ዓይነት ሕዋስ መሆን የሚችል ሕዋስ ነው።) አጠገቤ የተቀመጡ እናት "ተመስገን" አሉ። እኔ የቸርችልን ዳገት ጥርሴን ነክሼ ጨረስኩት። ረዳቱ ሒሳብ ሲጠይቀኝ እንኳን ሁለቴ ነው የደገመልኝ።

ብዙ ጊዜ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሰምቼ አልፋለሁ። ይህችን "ይበቅላል" ግን በአንድ ወር ውስጥ ስሰማ ሦስተኛ ጊዜዬ ነው። አንዷን የሰማሁት እኔው የምሠራበት የጽኑ ሕሙማን ክፍል በር ላይ ነው። ወደ እሷ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ "ደም ተመረዘ" የምትለዋን እንገላገል። እንደ ፈረንጆቹ በ2016 የወጣው ትርጉም ሴፕሲስን እንዲህ ይለዋል፦ ሰውነት ለኢንፌክሽን የሚሰጠው ምላሽ ልኩን ስቶ የራሱን አካላት ሥራ ሲያውክና ሕይወትን አደጋ ላይ ሲጥል። ስለ ደም አንድም ቃል የለም። ጀርሙ ሳንባ ውስጥ ሊሆን ይችላል፣ ኩላሊት ውስጥ፣ ከወሊድ በኋላ ማሕፀን ውስጥ። ደም ለከልቸር፣ ማለትም ጀርም ይበቅልበት እንደሆነ ለሚታይበት ምርመራ፣ ልከን "ምንም አልበቀለም" ተብሎ የሚመለስልን በሽተኛ ብዙ ነው። (በነገራችን ላይ እኛ ዘንድ "በቀለ" የሚባለው ጀርም ብቻ ነው። ቃሉ የሚያናድደኝ ለዚህም ሳይሆን አይቀርም።) በሽታው ቀላል አይደለም። በ2017 በመላው ዓለም 48.9 ሚሊዮን ሰው ሴፕሲስ ይዞት 11 ሚሊዮን ያህሉ እንደሞተ ተገምቷል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። "የሞተው ኩላሊት" ሲሉ ማን ሞተ አላቸው?

በሴፕሲስ የሞቱ ሰዎችን ልብና ኩላሊት በማይክሮስኮፕ ያዩ ተመራማሪዎች የጠበቁትን ያህል የሞተ ሕዋስ አላገኙም። ሰውየው ሽንት አቁሞ ነበር፣ ልቡ ደክሞ ነበር፤ ሕዋሳቱ ግን በአብዛኛው በቦታቸው አሉ። በብዛት ሞተው የተገኙት ሊምፎሳይት የሚባሉት የበሽታ መከላከያ ሕዋሳት ናቸው። ስለዚህ በሴፕሲስ "ኩላሊቱ ሥራ አቆመ" እና "ኩላሊቱ ሞተ" አንድ አይደሉም። ከሴፕሲስ የዳኑ ብዙ ሰዎች ኩላሊታቸው በራሱ ጊዜ ሥራ ይጀምራል። ሁሉም አይደሉም። ዲያሊሲስ ላይ የሚቀሩም አሉ፤ ይህንን ካልጨመርኩ የኩላሊት ሐኪም ጓደኞቼ አይለቁኝም።

አንድ ቤት አስቡ። ሌሊት ሌባ ገባ። ቤተሰቡ ሌባውን ሊይዝ ተነሳ። በጨለማው ግን ማን ማን እንደሆነ ጠፋ። ወንድም ወንድሙን ይደበድባል፣ ሳህን ይሰበራል፣ አንዱ የውሃ ቧንቧ ነቅሎ ቤቱን አጥለቅልቆታል። ይኼ ሴፕሲስ ነው። ማድቤቱ ከትናንት ጀምሮ አልጨሰም። ማድቤቱ ግን አልፈረሰም። እሳት የሚያነድ ሰው ነው የጠፋው።

የሬዲዮው ሰውዬ ስቴም ሴልን አናጢ ያደርገዋል፤ ሚስማርና መዶሻ ይዞ ገብቶ አዲስ ማድቤት የሚሠራ። እኔ የማውቀው ለሴፕሲስ የሚሞከረው ስቴም ሴል ሽማግሌ ነው። ጋቢውን ለብሶ ይመጣል፣ "ተው" ይላል፣ ይሄዳል።

እርግጥ አናጢ የሆነ ስቴም ሴልም አለ። ለደም ካንሰር የሚሰጠው የመቅኔ ንቅለ ተከላ ውስጥ ያሉት ደም የሚሠሩ ስቴም ሴሎች በእርግጥም መቅኔው ውስጥ ሰፍረው፣ ተባዝተው፣ አዲስ ደም ይሠራሉ። እዚያ ላይ "ይበቅላል" ብትል አልጣላህም። ለሴፕሲስ የሚጠናው ግን ሌላ ዘር ነው። ሜዘንካይማል ይባላል፤ ከመቅኔ፣ ከስብ ወይም ከእትብት ይወሰዳል። "ሜዘንካይማል ስቴም ሴል" የሚለውን ስም በ1991 ያስለመደው አርኖልድ ካፕላን የሚባል አሜሪካዊ ሳይንቲስት ነው። ይኸው ሰው በ2017 "ስሙን እንቀይረው" ብሎ ጻፈ። ምክንያቱም ሰው "ስቴም ሴል" ሲባል የሚያስበው አዲስ አካል ነው፤ እነዚህ ሕዋሳት ደግሞ በዋናነት የሚሠሩት መልእክት በማስተላለፍ ነው። ስሙን ያወጣው ሰው ራሱ ይቅር ያለውን ስም እኛ በታክሲ ሬዲዮ እናስፋፋለን።

ሽማግሌው እንዴት እንደሚሠራ እንይ። በደም ሥር ይገባል። ስፋቱ ከ15 እስከ 30 ማይክሮሜትር (የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ) ነው። የሳንባ ቀጫጭን የደም ሥሮች ግን ከ10 ያንሳሉ። ስለዚህ አብዛኛው ሳንባ ላይ ይጠመዳል። ኩላሊት ጋ የሚደርሰው ጥቂት ነው። በምሳሌያችን ሽማግሌው በሩን አላለፈም ማለት ነው። ደጃፉ ላይ ቆሞ ከቤት ወጣ ገባ ከሚሉት ልጆች ጋር ያወራል። ልጆቹ ማክሮፋጅ የሚባሉት ጀርም የሚበሉ የመከላከያ ሕዋሳት ናቸው። በ2009 በታተመ የአይጥ ጥናት ስቴም ሴሎቹ ፕሮስታግላንዲን ኢ2 የሚባል ንጥረ ነገር ያመነጫሉ፤ ማክሮፋጆቹ ያንን ሲያገኙ ኢንተርሉኪን 10 የሚባል አብራጅ መልእክት ማምረት ይጀምራሉ። ተመራማሪዎቹ ማክሮፋጆቹን ሲያስወግዱ ጥቅሙም አብሮ ጠፋ። ልጆቹ ከሌሉ ሽማግሌ ብቻውን ምን ያደርጋል? ከዚህ ሌላ ስቴም ሴሎቹ ኤልኤል 37 የሚባል ጀርም የሚገድል ነገርም ያመነጫሉ። ይህ ሽማግሌ በትርም ይይዛል ማለት ነው።

ሽማግሌው ደግሞ ብዙ አይቆይም። አብዛኛው በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይጠፋል። አንዳንዱን ራሳቸው ማክሮፋጆቹ ይበሉታል። አዎ፣ ምሳሌዬ እዚህ ላይ ነውር ሆነ። ግን ሥራው የሚሠራው በከፊል በመበላቱ ነው፤ የበሉት ሕዋሳት ጠባያቸው ይቀየራል። እንግዲህ በሁለት ቀን የሚጠፋ ነገር በየት በኩል ኩላሊት ሆኖ ይበቅላል?

"ታዲያ ጥቅሙ በሰው ተረጋግጧል?" ብላችሁ ከጠየቃችሁኝ፣ ከሬዲዮው ሰውዬ የተሻለ ጥያቄ ጠየቃችሁ። በካናዳ ዘጠኝ የሴፕቲክ ሾክ (ሴፕሲሱ የደም ግፊታቸውን ክፉኛ ያወረደባቸው) ሕሙማን ተሰጥቷቸው ውጤቱ በ2018 ታትሟል። ከፍተኛው መጠን በኪሎ 3 ሚሊዮን ሕዋስ ነበር። የተጠየቀው ጥያቄ "ይጎዳ ይሆን?" የሚል ነው፤ መልሱም የሚያሰጋ ጉዳት አልታየም ሆነ። ዘጠኝ ሰው። በዘጠኝ ሰው ይድናል አይድንም አይባልም። በ2019 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ሳንባቸው በጠና የተጎዳ 60 ሕሙማን ላይ ተሞከረ። በሞት ልዩነት አልታየም። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው፦ ሕዋሳቱ በረዶ ሆነው ተቀምጠው፣ ቀልጠው ለበሽተኛው ሲሰጡ፣ በሕይወት የተገኙት ከ36 እስከ 85 በመቶ ነበር። ሽማግሌ ልከህ ግማሹ መንገድ ላይ ሞቶ ሲደርስ አስበው። ሕዋሳቱ የሚቀመጡበት ፈሳሽ ናይትሮጅን ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ነው። እኛ አንዳንድ ሳምንት ኢንሱሊን የምናስቀምጥበት ፍሪጅ ያስጨንቀናል።

አይጦቹ ላይ ለምን እንዲያ ሠራ ታዲያ? የላብራቶሪ አይጥ ወጣትና ጤነኛ ነው። ሴፕሲስ እንዲይዘው ተመራማሪው አንጀቱን የሚበሳበት ሰዓት ይታወቃል፤ ሕዋሱ በሰዓታት ውስጥ ይሰጠዋል። የእኔ በሽተኛ 65 ዓመታቸው ነው፣ ስኳር አለባቸው፣ የመጡት በአራተኛው ቀን ነው። በአራተኛው ቀን ደግሞ ቤቱ ውስጥ ድብድብ ላይኖር ይችላል። ሁሉም ደክሞ ወድቋል፤ የመከላከያ ኃይሉ ተሟጧል። ጸጥ ያለ ቤት ሽማግሌ ብትልክ ማንን ዝም ያሰኛል? በዚያ ላይ እነዚህ ሕዋሳት ላያቸው ላይ ደም የሚያረጋ ፕሮቲን ሊይዙ ይችላሉ፤ ሴፕሲስ ራሱ ደም ያረጋል። ስለዚህ "ከራስ ሰውነት የወጣ ነገር ምን ይጎዳል?" የሚለውን አልቀበልም። መግልም ከራስ ሰውነት ነው የሚወጣው።

የእኛ ሙያ በሴፕሲስ መድኃኒት ክፉኛ ተቃጥሏል። ዚግሪስ የሚባል ውድ መድኃኒት በ2001 ጸድቆ፣ በ2011 ሌላ ትልቅ ጥናት ሞት እንደማይቀንስ ሲያሳይ ከገበያ ወጣ። አሥር ዓመት ሙሉ በየደም ሥሩ ሲንጠባጠብ ኖሮ። እዚሁ አፍሪካ ደግሞ ዛምቢያ ውስጥ ሴፕሲስ ይዟቸው ግፊታቸው ለወረደ አዋቂዎች በፍጥነት ብዙ ፈሳሽ የመስጠት ሥርዓት ተሞከረ። ውጤቱ በ2017 ሲወጣ በአዲሱ ሥርዓት ከታከሙት 48.1 በመቶ ሞተዋል፤ በተለመደው ከታከሙት 33 በመቶ። ፈሳሽ እኮ ነው፤ "ግሉኮስ ይሰቀልለት" እያለ አስታማሚ ሁሉ የሚለምነን። (ይህን ማንም አልጠየቀኝም፤ ግን የሴፕሲስ ወሬ ተነስቶ ዛምቢያን ሳልጠቅስ አላድርም።) በአሜሪካ ከሜዘንካይማል ሕዋስ የተሠራ ሕክምና የመጀመሪያውን ፈቃድ ያገኘው በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 2024 ነው። የተፈቀደውም ከመቅኔ ንቅለ ተከላ በኋላ የተሰጣቸው ሕዋስ ሰውነታቸውን ለሚያጠቃባቸው፣ ስቴሮይድ ለማይሠራላቸው ልጆች ነው። ለሴፕሲስ አይደለም።

ጥናቱ ይቁም እያልኩ አይደለም። ሐሳቡን እወደዋለሁ። ሽማግሌ የላከ ሰው ግን መጀመሪያ ሌባውን ከቤት ያስወጣ። አንቲባዮቲክ በሰዓቱ፣ መግል ካለ መክፈት፣ የሞተ ሥጋ ካለ ማንሳት። ሌባው ጓዳ ተቀምጦ ሽምግልና የለም።

የበሩ ታሪክ እንዲህ ነው። ከላይ ያልኳቸው የ65 ዓመቱ አባት ልጅ ቆሞ ጠበቀኝ። ስልኩን አውጥቶ አንድ ቪዲዮ አሳየኝ። "ዶክተር፣ ቪትዟን ልሽጥና ውጭ ልውሰዳቸው። ስቴም ሴል ኩላሊት ያበቅላል እያሉ ነው" አለኝ። አባቱ ጭናቸው ውስጥ መግል ቋጥረዋል። የሽንት ከረጢታቸው ከጠዋት ጀምሮ ሻይ የመሰለ ጥቂት ነገር ብቻ ነው የያዘው። "ወንድሜ፣ መኪናህን ለዛሬ ተዋት። መጀመሪያ ጭናቸው ይከፈት፣ እዚህ ጋ ፈርም" አልኩት። ፈረመ። የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ማታውኑ ከፈተው፤ ሽታው ኮሪደሩን ሞላው።

በማግስቱ ከረጢቱ ላይ ያለውን መስመር ጎንበስ ብዬ አነበብኩ። በሰዓት 40 ሚሊ ሊትር። ወደ ውጭ ወጥቼ ነገርኩት።

"ኩላሊቱ በቀለ ማለት ነው?"

"አልበቀለም። የነበረው ነው፤ ነቃ።"

ሳቀ። ከዚያ አጥሚት ማምጣት ይቻል እንደሆነ ጠየቀኝ። በአፍንጫ ቱቦ ስለሆነ የሚመገቡት ቀጭን ይሁን፣ ስኳር እንዳትጨምሩበት አልኩት።