የሎጂስቲክስ ሲሙሌሽን ሶፍትዌር ምንድን ነው? ምርጫውስ ከምን ይጀምራል?

ሲሙሌሽን የአንድን ሥርዓት አሠራር በኮምፒውተር አስመስሎ በመሥራት፣ የታሰበው ለውጥ ገንዘብ ሳይወጣበት በፊት ምን እንደሚያስከትል የሚመረመርበት ዘዴ ነው። በሎጂስቲክስ በብዛት የሚሠራበት ክስተት ተኮር የሚባለው ዓይነት ሲሆን፣ የሞዴሉ (በኮምፒውተር የተሠራው አምሳያ) ሰዓት ከአንድ ክስተት ወደ ቀጣዩ፣ ለምሳሌ ከመኪና መድረስ ወደ ኮንቴይነር መውረድ፣ እየዘለለ ይሄዳል።

እንደ ሞጆ ባለ ደረቅ ወደብ አንድ መግቢያ በር እናስብ። በአማካይ በየ10 ደቂቃው አንድ ከባድ መኪና ቢደርስና የአንዱ ሰነድ ምርመራ በአማካይ 9 ደቂቃ ቢፈጅ፣ አማካዩን ብቻ ለሚያይ ሰው ወረፋ የሚፈጠር አይመስልም። ሆኖም በመኪኖቹ መድረሻ መካከል ያለው ጊዜም ሆነ የምርመራው ጊዜ ኤክስፖኔንሺያል ሥርጭትን (አጭር ጊዜ የሚበዛበትን፣ አልፎ አልፎ ግን በጣም ረጅም ጊዜ የሚመጣበትን) ተከትሎ የሚለዋወጥ ከሆነ፣ አንድ መኪና ተራው እስኪደርስ በአማካይ 81 ደቂቃ ይቆማል። ለአንድ በር ይህን በቀመር ማስላት ይቻላል፤ ክሬኑ፣ ባቡሩ፣ የጉምሩክ ፍተሻውና የሠራተኞች ፈረቃ ሲያያዙ ግን ቀመሩ አይበቃም፣ ሲሙሌሽን የሚያስፈልገውም ያኔ ነው።

ስለዚህ ምርጫው የሚጀምረው ከሶፍትዌሩ ሳይሆን ከጥያቄው ነው። ጥያቄው ስለ ወረፋና ስለ መሣሪያ ብዛት ከሆነ፣ የሥራ ሂደትን በሣጥኖች እያያያዘ የሚያሳየው አሬና ይበቃል። ከጅቡቲ የሚመጣው እያንዳንዱ መኪና የራሱን ውሳኔ የሚወስድ ሆኖ መቀረጽ ካለበት፣ ክስተት ተኮሩን ከሌሎች ዘዴዎች ጋር የሚያጣምረው ኤኒሎጂክ ይመረጣል። ሲምፓይ ፓይተን ለሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተዘጋጀ ነፃ ላይብረሪ (ዝግጁ የኮድ ስብስብ) ነው፤ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ይፈልጋል እንጂ የፈቃድ ክፍያ የለውም፣ ይህም የውጭ ምንዛሪ ለሚቸግረው መሥሪያ ቤት ቀላል ነገር አይደለም።

ገዢዎችን አጥብቄ የማስጠነቅቀው በሦስት ገጽታ በሚንቀሳቀሰው ሥዕል እንዳይማረኩ ነው። ሥዕሉ ሞዴሉን ለኃላፊዎች ለማስረዳት ይረዳል፤ ትክክለኛነቱን ግን አያረጋግጥም። ይልቅ ሶፍትዌሩ ሞዴሉን በተለያዩ የዘፈቀደ ቁጥሮች ደጋግሞ አስኬዶ የውጤቱን መለዋወጥ ያሳይ እንደሆነ፣ አማካሪው ከሄደ በኋላም የራሳችን ባለሙያ ሞዴሉን ማሻሻል ይችል እንደሆነ መጠየቅ ይገባል።

ለሙከራም ያንኑ አንድ በር በታጨው ሶፍትዌር መሥራት ነው። የአንድ ቀን ሩጫ (በሞዴሉ ውስጥ የአንድ ቀን ሥራ ብቻ ማስኬድ) አይበቃም፣ ምክንያቱም ሞዴሉ ከባዶ በር ስለሚነሳና ወረፋው ቀስ በቀስ ስለሚከማች ውጤቱ ዝቅ ይላል፤ በረጅም ሩጫ ግን አማካዩ ወደ 81 ደቂቃ መጠጋት አለበት። ካልተጠጋ ስህተቱ የት እንዳለ ሳይታወቅ ወደ ትልቁ ወደብ መሸጋገር አይገባም።