ጉዲፈቻ በኢትዮጵያ ሕግ፦ ከፍትሐ ብሔር ሕጉ እስከ አዋጅ ቁጥር 1070/2010

ጉዲፈቻ ያልወለዱትን ልጅ በሕግ ፊት እንደ ወለዱት የሚያስቆጥር ዝምድና ነው። በኢትዮጵያ ልማዱ ሕጉን በብዙ ትውልድ ይቀድመዋል። በዘመናዊው የጽሑፍ ሕግ የተደነገገው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ምክር ቤቱ ሁለት ጊዜ ተመልሶበታል። በ1992 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕጉ ሲሻሻል ምዕራፉ እንደ አዲስ ተጻፈ፤ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ አገር ዜጎች ኢትዮጵያውያን ሕፃናትን በጉዲፈቻ እንዳይወስዱ ተከለከለ። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ክልከላውን ነው። ነገሩን በቅጡ ለመረዳት ግን ከክልከላው ይልቅ ስለ ወላጅ ቤተሰብ የተጻፈውን አንድ አንቀጽ መከተል ይሻላል።

ከሕጉ በፊት

ስሙ ከኦሮሞ ባህል የመጣ ነው፤ ሥርዓቱም እዚያው ጠንካራ መሠረት አለው። በጉዲፈቻ የገባ ልጅ የቤቱ ልጅ ነው፤ ይወርሳል፣ በአሳዳጊው ጎሳ ይቆጠራል፣ ባልና ሚስቱ ኋላ ቢወልዱ እንኳ መብቱ አይቀነስም። በአማራው ዘንድ የጡት ልጅነት ነበር። የጡት አባትን ጡት ወይም አውራ ጣት በመጥባት የሚፈጸም ቃል ኪዳን ሲሆን፣ ከሕፃን ሌላ ከለላ ለሚሻ አዋቂም ያገለግል ነበር። በሙስሊሞች ዘንድ የቲምን ማሳደግ ትልቅ ምንዳ ያለው ሥራ ነው፤ የልጁ የዘር ሐረግ ግን ከወለደው አባቱ አይነቀልም። ከሁሉም በላይ የተለመደው ደግሞ ስም እንኳ ያልተሰጠው ነው፦ አክስት ዘንድ፣ አያት ዘንድ፣ ከተማ ያለ ዘመድ ዘንድ ሄዶ ማደግ።

አፈጻጸሙ ይለያይ እንጂ፣ ወላጅ ልጁን ሲሰጥ ከልጁ ሕይወት አይወጣም። የት እንዳለ ያውቃል፣ በዓመት በዓል ይጠያየቃል፣ ልጁም ሲያድግ የሁለት ቤት ጧሪ ይሆናል።

የሕጉ ይዘት

ፈረንሳዊው የሕግ ምሁር ሬኔ ዴቪድ ያረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በብዙ ቦታ የአገሩን ልማድ ወደ ጎን በመተው ይታማል። በዚህ ጉዳይ ግን ሐሜቱ አይሠራም። ጉዲፈቻ በስምምነት እንዲመሠረትና በፍርድ ቤት እንዲጸድቅ ሲያደርግ፣ ልጁ ከወላጅ ቤተሰቡ ጋር ያለው ትስስር እንደማይቋረጥም ጽፏል።

በ1992 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 213 ሲወጣ ብዙ የተባለለት ጋብቻው ነበር። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የታገለው የባልን የበላይነት ለማስቀረትና የጋብቻን ዕድሜ ወደ 18 ለማሳደግ ነው፤ ከአንቀጽ 180 እስከ 196 ያለው የጉዲፈቻ ምዕራፍ ከዚያ ጎን ብዙም አልተነገረለትም። በምዕራፉ መሠረት ጉዲፈቻ አድራጊው ቢያንስ 25 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፤ ባልና ሚስት አብረው ሲያደርጉ ከሁለቱ አንዳቸው ይህን ዕድሜ ቢሞሉ ይበቃል። ልጁ ከ18 ዓመት በታች መሆን አለበት። ወላጆቹ በሕይወት ካሉ ሁለቱም ይስማማሉ። የመንግሥትም ሆኑ የግል የሕፃናት ማሳደጊያዎች በእጃቸው ያለን ልጅ መስጠት ይችላሉ። ስምምነቱ ግን ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ዋጋ የለውም፤ ዳኛው የሚመዝነውም የልጁን ጥቅም፣ የልጁን አስተያየትና የአድራጊውን የማሳደግ አቅም ነው።

ከጸደቀ በኋላ ጉዲፈቻ አይፈርስም። ሆኖም አንቀጽ 195 ለዚህ ልዩ ሁኔታ ያስቀምጣል፤ አድራጊው ልጁን እንደ ባሪያ ወይም ባርነት በሚመስል ሁኔታ ከያዘው፣ ለጥቅሙ ሲል ከግብረ ገብ ውጭ በሆነ ሥራ ካሰማራው፣ ወይም የወደፊት ሕይወቱን በሚጎዳ አኳኋን ከያዘው ፍርድ ቤት ሊያፈርሰው ይችላል። ሕጉን የጻፉት ሰዎች የሚፈሩት ምን እንደነበር ከዚህ ይታያል። የማደጎ ልጅ ተብሎ ከብት የሚጠብቅ ወይም ውኃ የሚቀዳ ልጅ በየመንደሩ ነበር፤ ዛሬም የለም ማለት አይቻልም።

ቁልፉ አንቀጽ 183 ነው። የጉዲፈቻ ልጅ ከወላጅ ቤተሰቡ ጋር ያለውን ዝምድና እንደያዘ ይቆያል፤ ከሁለቱ ቤተሰቦች አንዱን መምረጥ ግድ ሲሆን ግን የጉዲፈቻው ቤተሰብ ቅድሚያ ያገኛል። ከአባት ከእናት የመጣው ልማድ በሕግ ቋንቋ ሲጻፍ ይህን መሰለ።

ለአንድ ፊርማ ሁለት ትርጉም

አንቀጽ 193 አድራጊው የውጭ አገር ዜጋ ሲሆን የሕፃናትን ደኅንነት የሚከታተለው የመንግሥት አካል አስተያየት እንዲሰጥ ያዝዝ ነበር። ችግሩ የጀመረው እዚህ ነው፤ መነሻው የግድ ተንኮል ነበር ማለት ግን አይደለም። አንዲት የሲዳማ ወይም የወላይታ እናት በስምምነቱ ላይ ስትፈርም፣ የምታውቀው ጉዲፈቻም የአገሯ ሕግም ልጇ ልጇ ሆኖ እንደሚቀር ይነግሯታል። ወረቀቱ አሜሪካ ሲደርስ ግን ሌላ ትርጉም ያገኛል። በዚያ አገር የክፍለ ግዛት ሕጎች ጉዲፈቻ የወላጅን መብት ጨርሶ ይቆርጣል፤ በልጁ የልደት ምስክር ወረቀት ላይ የአሳዳጊዎቹ ስም ይገባል፣ የቀድሞው መዝገብ በብዙ ክፍለ ግዛቶች ይታሸጋል። ልጁ ተምሮ ይመለሳል፣ ፎቶ ይላካል፣ ይደወላል ብለው የሰጡ ወላጆች ለዓመታት ወሬ ሳይሰሙ የቀሩት ሁሉ በደላላ ስለተታለሉ ብቻ አይደለም። የተስማሙት በአገራቸው ሕግ ትርጉም ነበር፤ የተፈጸመው በሌላው ነው።

በዚህ ላይ የቪዛው ሕግ ተጨመረ። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ በአገሮች መካከል የሚደረግን ጉዲፈቻ ከሚገዛው የሄግ ስምምነት ውጭ ካለ አገር የሚመጣን ልጅ የሚቀበለው «ወላጅ አልባ» ሲሆን ነው፤ ወላጆቹ የሞቱበት፣ የጠፉበት ወይም የጣሉት፣ አለዚያም በሕይወት ያለው አንድ ወላጅ ማሳደግ የማይችል መሆን ነበረበት። ኢትዮጵያ በወቅቱ የ1993ቱን (እ.ኤ.አ.) የሄግ ስምምነት አልፈረመችም። ስለዚህ በኢትዮጵያ ሕግ ሁለት ወላጅ ያለው ልጅ ለጉዲፈቻ ሊሰጥ ሲችል፣ ለቪዛ ግን አይበቃም ነበር። ወረቀቱን ከቪዛው መስፈርት ጋር ማስማማት ለሚፈልግ ሰው ቀላሉ መንገድ ያለን አባት የለም ማለት ነው።

የጥድፊያው ዘመን

የተዋናይት አንጀሊና ጆሊ እ.ኤ.አ. በ2005 ከኢትዮጵያ ልጅ መውሰድ የዓለምን ዓይን ሳበ፤ ቻይናና ጓቲማላ መንገዳቸውን ማጥበባቸው ደግሞ ፈላጊውን ወደ አዲስ አበባ አዞረው። እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ አሜሪካ በጉዲፈቻ የሄዱት ኢትዮጵያውያን ሕፃናት በአሥሮች ብቻ የሚቆጠሩ ነበሩ፤ በ2010 (እ.ኤ.አ.) በአንድ ዓመት ውስጥ 2,500 ገደማ ደረሱ። በሁለቱ አሥርት ዓመታት ጠቅላላ ቁጥሩ ከ15,000 ይበልጣል። ስፔን፣ ፈረንሳይ፣ ጣሊያንና ሌሎችም የራሳቸውን ድርሻ ወስደዋል። ጉዳዩ የሚታየው በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ልደታ ምድብ ችሎት ነበር፤ አስተያየት የሚሰጠው የሴቶች፣ ሕፃናትና ወጣቶች ጉዳይ ሚኒስቴር በቀን እስከ 50 መዝገብ ያስተናግድ እንደነበር ተነግሯል። በዚህ ፍጥነት የአንድን ልጅ የኋላ ታሪክ ማጣራት የሚቻል አይመስለኝም።

በ2003 ዓ.ም. መጋቢት ወር ሚኒስቴሩ በቀን ከአምስት በላይ መዝገብ እንደማያይ አስታወቀ። ቁጥሩ ከዚያ ወዲህ አሽቆለቆለ። እ.ኤ.አ. በ2014 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በደቡብ ካሮላይና የተቋቋመ የጉዲፈቻ ድርጅት ሠራተኞችን ከሰሰ። ክሱ ከያዛቸው ነገሮች አንዱ፣ ልጁ ኖሮበት በማያውቅ የሕፃናት ማሳደጊያ ስም የተፈረመ የጉዲፈቻ ስምምነት ለቪዛ መቅረቡ ነው።

ዲያስፖራውን ያስቆጣው ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ከኢትዮጵያ የተወሰደች ታዳጊ በአሳዳጊዎቿ ቤት በደረሰባት በደል ሞተች። ከሁለት ዓመት በኋላ በተካሄደው ችሎት የሲያትልና የአካባቢው ኢትዮጵያውያን ሥራቸውን እየተዉ ተገኙ፤ ዘመድ ሆነው ለመቆም። አሳዳጊ እናት 37፣ አባት 28 ዓመት ገደማ እስራት ተፈረደባቸው። በአገር ቤት ያለው የሕዝብ ስሜት እንዲለወጥ ከየትኛውም የጥናት ወረቀት ይልቅ ያ ጉዳይ የሠራ ይመስለኛል። ዴንማርክ በበኩሏ እ.ኤ.አ. በ2016 ከኢትዮጵያ ልጅ መቀበል አቆመች።

በዚያው ዘመን የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ አውጪዎች በተቃራኒው አቅጣጫ ይገፉ ነበር። የሉዊዚያና ሴናተር የነበሩትና እሳቸውም ሁለት ልጆችን በጉዲፈቻ ያሳደጉት ሜሪ ላንድሩ እ.ኤ.አ. በ2013 ያቀረቡት ረቂቅ፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ ቤተሰብ ለሌላቸው ሕፃናት ቤተሰብ ማግኘትን አንዱ ሥራው እንዲያደርግ የሚጠይቅ ነበር፤ ሳይጸድቅ ቀረ። የጸደቀው ጠባቡ ነው፦ ከ2014 ሐምሌ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሄግ ስምምነት አባል ባልሆኑ አገሮች የሚሠሩ የአሜሪካ ድርጅቶችም ዕውቅና ማግኘት ግዴታ ሆነባቸው። ኢትዮጵያን የሚመለከተው ይህ ቁጥጥር የመጣው ከፍተኛው ጥድፊያ ካለፈ በኋላ ነበር።

ክልከላው

ሚያዝያ 2009 ዓ.ም. መንግሥት ወደ ውጭ የሚደረግን ጉዲፈቻ አገደ። በዚያው ዓመት የወጣው ብሔራዊ የሕፃናት ፖሊሲ ወላጅ ያጡ ልጆች በአገራቸው፣ በባህላቸው ውስጥ እንዲያድጉ ይላል። ጥር 1 ቀን 2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዋጅ ቁጥር 1070ን አጸደቀ። አዋጁ አጭር ነው፤ ዋና ሥራው አንቀጽ 193ንና ከእሱ ጋር የተያያዘችውን የአንቀጽ 194 ንዑስ ድንጋጌ መሰረዝ ነበር። የቀረበው ምክንያት ውጭ ያደጉ ልጆች ለማንነት ቀውስ፣ ለሥነ ልቡና ችግርና ለመብት ጥሰት መጋለጣቸው ነው። አንዳንድ የምክር ቤት አባላት ግን አገር ውስጥ ያለው ድጋፍ ለእነዚህ ልጆች በቂ አይደለም ሲሉ ሥጋታቸውን ገለጹ።

ሥጋቱ መሠረት ነበረው፤ ሕገ መንግሥቱም ከእነሱ ጋር ነው። አንቀጽ 36 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት ወላጅ አልባ ሕፃናትን በልዩ ሁኔታ እንዲጠብቅ ብቻ ሳይሆን፣ ጉዲፈቻን የሚያስፋፉ ተቋማት እንዲመሠረቱ እንዲያበረታታ ያዛል። ዓለም አቀፍ ሰነዶቹ ግን በር ለመዝጋትም ምክንያት ይሰጣሉ። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን የተቀበለችው ግንቦት 6 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከአገር ሊወጡ አንድ ሳምንት ሲቀራቸው ነው፤ ኮንቬንሽኑ የአገር ተሻጋሪ ጉዲፈቻን እንደ አንድ አማራጭ ያየዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 የተቀበለችው የአፍሪካ የሕፃናት መብትና ደኅንነት ቻርተር ግን አንቀጽ 24 ላይ «የመጨረሻ አማራጭ» ይለዋል። የምክር ቤቱ ውሳኔ ከቻርተሩም አልፎ የመጨረሻውን አማራጭ ራሱን አስቀረ።

ከክልከላው በኋላ

የአገር ውስጥ ጉዲፈቻ በሩ ክፍት ነው። ፈላጊው በየአካባቢው ባለው የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ በኩል ያመለክታል፣ ኑሮውና ጤናው ይታያል፣ ፍርድ ቤት ያጸድቃል። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ጉዲፈቻ ከወሳኝ ኩነቶች ጋር መመዝገብ አለበት፤ ምዝገባው ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ፈላጊዎች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት ጨቅላ ሕፃን ነው፤ በማሳደጊያዎች የሚቀሩት ከፍ ያሉት፣ እህትና ወንድም ሆነው የመጡትና የአካል ጉዳት ያለባቸው ናቸው። የአዲስ አበባዎቹ ክበበ ፀሐይ፣ ቀጨኔና ኮልፌ የሚታወቁት በዚህ ሥራ ነው። በ1972 ዓ.ም. ገደማ ከወሎ ረሃብ ሕፃናትን አንሥተው ቤታቸው ያስገቡት ክብርት ዶክተር አበበች ጎበና የመሠረቱት ድርጅትም ከእሳቸው በሞት መለየት በኋላ ቀጥሏል።

አንድ የሕግ ነጥብ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው፤ የቤተሰብ ጉዳይ የክልሎች ሥልጣን ስለሆነ አማራ፣ ኦሮሚያ፣ ትግራይና ሌሎችም የየራሳቸውን ሕግ አውጥተዋል። በአዋጅ 1070 የተሰረዘ አንቀጽ ከክልሎቹ ሕጎች በራሱ አይሰረዝም፤ የየክልሉን ምክር ቤት እጅ ይጠይቃል።

አሁን አዲስ ጥያቄ ይዘው የሚመጡት በጥድፊያው ዘመን የሄዱት ልጆች ናቸው፤ አድገዋል። በአንቀጽ 183 የወላይታው ወይም የሲዳማው ቤተሰብ ዛሬም ዘመዳቸው ነው። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 ደግሞ ቀድሞ ኢትዮጵያዊ የነበረ፣ ወይም ወላጁ፣ አያቱ አለዚያም ቅድመ አያቱ ኢትዮጵያዊ የነበረ የውጭ አገር ዜጋ ቢጫ ካርድ ማግኘት ይችላል፤ ያለ ቪዛ ይገባል፣ ይኖራል፣ ይሠራል። ቤተሰብ ፍለጋው ግን የሚጀምረው ከልደታው የፍርድ ቤት መዝገብ ነው፤ በመዝገቡ ላይ የሰፈረው የወላጅ ስም፣ ቀበሌና «ሞቷል» የሚለው ቃል እውነት ካልሆነ ፈላጊው የሚሄደው ወደ ወረዳው ሽማግሌዎችና ልጁን ወደ አዲስ አበባ ይዞ ወደ መጣው ሰው ነው።